አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ነጭ

ፕሮግራመሯ በራሷ የምትተማመን ሴት ናት። የምትሠራበት ሆስፒታል ኮምፒውተር ሲያምፅ እንኳ እጅጌዋን ሰብስባ «ቆይ ላሳይህ!» ትለዋለች። ያን ሳምንት ግን ነገሩ እቤቷ ድረስ መጣ። ያሳደገቻት አክስቷ የዚያው ሆስፒታል የተኝቶ ሕክምና ክፍል አንጋፋ ነርስ ናት። የመድኃኒት ዝርዝር ስታነብ ዓይኗ አንድ መስመር ስቶ፣ የሰባተኛውን አልጋ ክኒን ለስምንተኛው ልትሰጥ ነበር። በሽተኛው «የእኔ ቀዩ ነው» ባይል ጉድ ይፈላ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ሐኪም ነገር ማንዛዛት አይወድም። «ሲስተር ደክመዋል፤ ከሰኞ ጀምሮ ካርድ ክፍል ይቀመጡ» ብሎ ቆረጠ። አክስቷ የዚያን ቀን ምሳም አልበላችም።

«ያረጀው ዝርዝሩ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም» አለቻት ፕሮግራመሯ። እውነቷን ነው፤ ሠላሳ መስመር ነጭ በነጭ ሆኖ ሲወርድ የማን ዓይን አይስትም? አንዱን መስመር ግራጫ፣ አንዱን ነጭ ልታደርገው ቆረጠች። የአልጋው ቁጥር ለሁለት እኩል ከተካፈለ ግራጫ፣ ካልተካፈለ ነጭ። ሰዓት እንኳ ሳይፈጅባት ጨርሳ፣ ደረቷን ነፍታ አትማ ሰጠቻት።

አክስቷ መነጽሯን አስተካክላ አየችው።

«አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ፤ ሦስቱም ነጭ ምነው?»

ስድስትና ስምንት ለካ ትናንት ድነው ወጥተዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!

«ልጄ፣ እኔ መድኃኒት ሳድል አልጋ አልቆጥርም፤ ያለውን ሰው ነው የምቆጥረው» አለች አክስቷ።

ፕሮግራመሯ ብድግ ብላ አገላብጣ ሳመቻት። ፕሮግራሙ ከሆስፒታሉ ዳታቤዝ የመጡትን የበሽተኞች ስሞች አንድ በአንድ ሲጽፍ፣ የአልጋውን ቁጥር ትቶ የጻፈውን መስመር ራሱን እንዲቆጥር አደረገችው። ከዚያ በኋላ ማንም ይውጣ ማንም ይግባ፣ ከግራጫው ቀጥሎ ነጭ፣ ከነጩ ቀጥሎ ግራጫ ሆነ።

ዓርብ ጠዋት አክስቷ ከፕሮግራመሯ ጋር ሐኪሙ ፊት ቆማ፣ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ሳታሳርፍ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አንድም አልሳተችም። ሐኪሙ ወረቀቱን ተቀብሎ ብዙ አየው። ከዚያ እያፈረ፣ እሱም መስመር እንዳይስት ሲያነብ ከሥር የሚያስደግፋትን አንዲት ትንሽ ማስመሪያ ከጋዋኑ ኪስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የእኔንም ዝርዝር እንዲህ አድርጊልኝ» አላት ፕሮግራመሯን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አክስቷ ማስመሪያዋን አየች፣ እሱን አየች።

«ታዲያ ዶክተር፣ ሰኞ ካርድ ክፍል አብረን እንግባ?»

ሰኞ ጠዋት ሁለቱም እዚያው ተኝቶ ሕክምና ክፍል ነበሩ።