ኩርባው ላይ የቆሙት ሃምሳ አለቃ

ሃምሳ አለቃ ይርጉ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንጀራቸውን የበሉት መንገድ ላይ ቆመው ነው። ደሴ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ነበሩ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው ጠመዝማዛ ላይ ስንት የተገለበጠ መኪና እንዳነሱ ሲጠየቁ ቁጥር አይናገሩም። «ኩርባ አውቃለሁ» ይላሉ፤ ከዚያ ወሬ ይቀይራሉ።

ልጃቸው ውድነሽ ሲቲዝን እንደሆነች የመምጫ ፕሮሰሳቸውን ጀምራ በፈረንጆቹ 2008 ሚያዝያ ላይ ዳላስ አስገባቻቸው። ያኔ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል። ውድነሽ ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር አፓርታማ ተከራይታ ትኖራለች፤ ፋርመርስ ብራንች ከተማ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች። እኔና ባለቤቴ ከእነሱ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነበርን። ሶ፣ ሃምሳ አለቃን በመጡ በሳምንታቸው ፓርክ ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ፓርኩ ከአፓርታማችን ጀርባ ነው። ጅረቱን ተከትሎ የሚሄድ የሲሚንቶ መንገድ አለው፤ ጠዋት ጠዋት የሚሮጠውም፣ ልጅ በጋሪ የሚገፋውም፣ ብስክሌት የሚነዳውም እዚያው ላይ ነው። መንገዱ ትንሿ ድልድይ ጋ ሊደርስ ሲል ድንገት ይታጠፋል። በእጥፋቱ ውስጠኛ ጎን አምስት ሆሊዎች ነበሩ። ሆሊ የሚሉት ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ የቅጠሉ ዳር እንደ መርፌ የሚወጋ፣ ብርድ ሲመጣ ቀይ ፍሬ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። ከሰው ቁመት በላይ አድገው፣ እርስ በርስ ተያይዘው ግድግዳ ሆነዋል። ስድስት ዓመት በዚያ ስመላለስ አይን የሚያሳርፍ አረንጓዴ ነገር ከመሆኑ በቀር ምንም አላስተዋልኩም። ሃምሳ አለቃ ግን በሁለተኛው ቀን ቆም አሉ።

«ከወዲያ የሚመጣው በምን ይታያል?»

«እዚህ እኮ መኪና አይገባም፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ሰው ይገባ የለም እንዴ?» አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የፈሩት ደረሰ። ወይዘሮ እማዋይሽ የሚባሉ ጎረቤታችን፣ ኧርቪንግ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ የሚሠሩ፣ ከሱቅ ሲመለሱ በዚያ ኩርባ ያልፋሉ። አንድ ብስክሌት ነጂ ወጣት ከወዲያ ተጠመዘዘና ገጫቸው። ሃምሳ አለቃ ጩኸቱን ሰምተው ሲደርሱ ሴትየዋ እጃቸውን አቅፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ብርቱካኑ ወደ ጅረቱ ይንከባለላል። የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ነበር። ሃምሳ አለቃ ከሴትየዋ ዘንቢል የሱቅ ማስታወቂያ ጋዜጣ አውጥተው አጣጥፈው ከሥር ደገፉት፤ በሴትየዋ ሻሽ አሰሩትና አምቡላንስ እስኪመጣ አጠገባቸው ቆዩ። ወጣቱ ሣሩ ላይ ተቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማል፤ አላየኋቸውም፣ አላየኋቸውም።

ማታ እቤታቸው ስገባ ውድነሽ በልጁ ተናዳ አገኘኋት። አባቷ ግን አልተናደዱም።

«ልጁ እውነቱን ነው» አሉ። «እኔም ብሆን አላያቸውም ነበር። ቁጥቋጦው ነው።»

ሰኞ ጠዋት በመስኮት ሳይ ሃምሳ አለቃ የውድነሽን የሥራ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሰው ወደ ፓርኩ ይሄዳሉ። ተከተልኳቸው። ኩርባው ላይ፣ ሁለቱም ወገን በሚታይበት ቦታ ቆሙ። ከድልድዩ በኩል ብስክሌት ሲመጣ ግራ እጃቸውን ቀጥ አድርገው ያስቆማሉ፤ በቀኛቸው እግረኛውን ያሳልፋሉ። ከዚያ ብስክሌቱን በአክብሮት ይለቁታል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ በየቀኑ እንደዚህ ቆሙ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያመሰግናል። ጆሮው ላይ ሙዚቃ የሰካ አንድ ሯጭ በየቀኑ አንገቱን እየነቀነቀ ያልፋል።

ውድነሽ ጨነቃት። «አባዬ፣ ሰዉ እኮ ምን እንደሚያስብ አያውቁም። ማለቴ፣ እዚህ አገር ፈቃድ የሌለው ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ሰው አያስቆምም። ፖሊስ ኮል ያደርጉብዎታል።»

«ያድርጉ። ባልደረቦቼ ናቸው።»

እውነትም አንድ ሰው ደወለ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ወጣት ፖሊስ መጣ። ሃምሳ አለቃ ሰላምታ ሰጡት፣ በወታደር ደንብ። ልጁ ሳያስበው እጁን አነሳ። እኔ አስተረጎምኩ። ፖሊሱ ሰማና ከድልድዩ በኩል ብቻውን ሄዶ ወደ ኩርባው ተመለሰ። እኛ የቆምንበት ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ነው ያየን።

«ለፓርክ ሠራተኞቹ እነግራለሁ» አለ። «እስከዚያ ሰው አያስቁሙ፤ በእጅዎ ቀስ በሉ ብቻ ይበሉ።»

በሳምንቱ ራሚሮ የሚባል ሰው በፒክ አፕ መጣ። የፓርኩን ተክል የሚንከባከቡት ሠራተኞች አለቃ ነው፤ ወላጆቹ ከሜክሲኮ የመጡ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ሰው። የራሚሮ እንግሊዝኛ ፈጣን ነው፣ የሃምሳ አለቃ ደግሞ ጥቂት፤ ግን በእጅ ተግባቡ። ራሚሮ እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረ፤ በእጥፋት ውስጠኛ ጎን የሚተከል ነገር ከዚህ አያልፍም። ከዚያ እጁን ከራሱ በላይ ዘረጋ፤ መንገድ ላይ የሚያጋድል ቅርንጫፍ ደግሞ ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው ራስ አይነካም። ሃምሳ አለቃ ፊታቸው በራ። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራቸው ለአለቆቻቸው ሲያስረዱ የኖሩትን አንድ የማያውቁት ሰው በሁለት እጁ ነገራቸው።

«ታዲያ ለምን አይቆረጥም?» አሉኝ፤ ጠየቅሁላቸው።

ራሚሮ ከቁጥቋጦዎቹ ሥር ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን ገለጠ። የመዳፍ ስፋት ያላት የነሐስ ሰሌዳ ነበረች። «ለሃሮልድ» ትላለች።

ሆሊዎቹን የተከሉት ሃሮልድ የሚባሉ የሰፈሩ ሰው ናቸው። ከሞቱ በኋላ ሰሌዳዋን ያስቀመጡት ባለቤታቸው ሚስ ኮራ ናቸው፤ ሰማንያ ዓመታቸው፣ ከፓርኩ ማዶ ነው ቤታቸው። ራሚሮ እሳቸውን ሳያነጋግር መጋዝ አያነሳም። ለጊዜው ወደ መንገዱ የወጣውን ቅርንጫፍ አሳጠረ፣ «ቀስ» የሚል ምልክት በሁለቱም በኩል አቆመ። ግን ግድግዳው ግድግዳ ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አራታችን፣ ራሚሮ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ውድነሽና እኔ፣ ሚስ ኮራ በር ላይ ቆምን። አትገቡም አላሉንም፤ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«ባለቤቴ በእጁ ነው የተከላቸው» አሉ። «ሲተክላቸው እዚህ ድረስ ነበሩ።» ቁርጭምጭሚታቸውን አሳዩን። «አሁን መንገዱ ላይ ሰው ስለበዛ የእሱን ተክል ትቆርጣላችሁ?»

ውድነሽ ተረጎመች።

«ንገሪያቸው» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ማንም አላጠፋም በያቸው። ተክል ነው፣ አደገ። ባለቤታቸው ቢኖሩ እኔ የምቆምበት ቦታ ላይ ራሳቸው ይቆሙ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መጥተው አጠገቤ ይቀመጡ። ከዚያ በኋላ የሚሉትን እቀበላለሁ።»

ሚስ ኮራ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ሐሙስ ጠዋት ግን የሚታጠፍ ወንበራቸውን ይዘው መጡ። ሃምሳ አለቃ ወንበሩን ተቀብለው ከጎናቸው አስቀመጡላቸው። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም፤ ሚስ ኮራም ቀሚሳቸውን እየጎተቱ መንገዱን ያያሉ። ከዚያ ከመጫወቻው በኩል አንዲት ትንሽ ልጅ በሦስት ጎማ ብስክሌቷ መጣች፤ አባቷ ከኋላ በስልክ ያወራል። ከድልድዩ በኩል ደግሞ አንድ ሰው ብስክሌቱን አስሮጦ ወረደ። ከሁለቱ አንዱ ሌላውን አያይም። ሃምሳ አለቃ እንግሊዝኛው ጠፋባቸው።

«ቁም!» ብለው ጮኹ።

ሰውየው ምን እንደተባለ ባያውቅም ቆመ። ጎማው ሲሚንቶው ላይ ተንሸራትቶ ከልጅቷ ፊት አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችውና ደወሏን ደወለችበት።

ሚስ ኮራ ከወንበራቸው ተነስተው ነበር። እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። ወንበራቸውን አጥፈው ሄዱ። በማግስቱ ራሚሮ ጋ ደውለው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት። ሆሊዎቹ ሳይቆረጡ፣ ከነሥራቸው ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ይችላሉ ወይ?

ይችላሉ፣ አላቸው፤ ግን በቴክሳስ ሙቀት አይሆንም። ጥር ላይ፣ ተክሉ ማደጉን አቁሞ ሲተኛ። ከአምስቱ ሦስቱ ከተረፉ ዕድለኞች ነን።

እስከ ጥር ድረስ ሃምሳ አለቃ ቆሙ። ወይዘሮ እማዋይሽ እጃቸው ድኖ ተመልሰው መጡ፤ መጀመሪያ ኩርባው ጋ ሲደርሱ ይፈሩ ነበር። ሃምሳ አለቃ እያሻገሩ አለማመዷቸው።

አሁን ደግሞ ወዴት ይተከሉ የሚለው ነገር መጣ። ሃምሳ አለቃ ሐሳባቸው ቁርጥ ነበር፤ ድልድዩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ጀርባ። ንፋስ ይከላከላል፣ ሚስ ኮራም ተቀምጠው ያዩአቸዋል። በዚህ ጊዜ የተቃወመችው ውድነሽ ናት።

«አባዬ፣ እዚያማ አይሆንም። እኔ ከሥራ ስመለስ በዚህ በኩል ነው የማልፈው። ከኋላዬ ሰው የሚደበቅበት ነገር ካለ እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም። ማንም ሴት አትቀመጥም።»

ሃምሳ አለቃ ልጃቸውን አዩአት። በዚያ መንገድ እየፈራች ማለፏን እስከዚያ ቀን አልነገረቻቸውም ነበር።

«ለምን ሳትነግሪኝ?»

«ምን ብዬ? ሁሌም እንደዚያው ነው እኮ።»

ራሚሮ ወደ ውድነሽ ጠቁሞ ትክክል ናት አለ። መጫወቻው አጠገብም አይሆንም፤ ቅጠሉ የልጅ ፊት ይወጋል። በመጨረሻ ኩርባውን በውጨኛው ጎን ዞረው አዩት። እዚያ መሬቱ ወደ ጅረቱ ይዳፋል፤ ፍጥነት የበዛበት ብስክሌት ቢስት ቁልቁል ነው። ከመንገዱ ሁለት ሜትር ራቅ ብለው ቢተከሉ ዕይታ አይጋርዱም፤ የሳተውንም ይይዛሉ። ሃምሳ አለቃ እዚያ ቆመው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዩና ተሸነፉ።

ጥር አጋማሽ ላይ፣ ብርዱ አፍ በሚያስጨስበት ቀን፣ ቆፈሩ። የዳላስ ጥቁር አፈር ጫማ ላይ ተጣብቆ እግር ያከብዳል። የራሚሮ ሰዎች እያንዳንዱን ሆሊ ከነአፈሩ በጆንያ ጠቅልለው በጋሪ አሻገሩት። ሚስ ኮራ ሰሌዳዋን በእጃቸው ነቅለው፣ በመሀረብ ጠርገው፣ አዲሱ ቦታ እስኪዘጋጅ ኪሳቸው ውስጥ ያዙአት። በባዶው እጥፋት ላይ ራሚሮ ከጉልበት የማያልፍ ሣር ተከለ። ሥራው ሲያልቅ ሁላችንም ወደ መጫወቻው ተመልሰን እንደገና ወደ ኩርባው ሄድን። ድልድዩ ከሩቁ ይታያል። ከድልድዩ ማዶ የሚመጡ አንድ ሽማግሌና ውሻቸው ሳይቀር ይታያሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱ ሰፊ መሰለኝ።

«በቃ» አሉ ሃምሳ አለቃ። ሰደርያውን አውልቀው ለውድነሽ ሰጧት።

ከአምስቱ አንዱ ግንቦት ላይ ደረቀ፤ ሌላው የነሐሴን ሙቀት አልቻለም። ሃምሳ አለቃና ሚስ ኮራ በየማታው ፀሐይ ስታዘነብል በባልዲ ውሃ ያጠጧቸው ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ሁለቱ አልተረፉም። የሁለተኛውን ደረቅ ቅርንጫፍ ሰብረው እያዩ ሚስ ኮራ፣ «ሃሮልድም ይህን ሙቀት አይወድም ነበር» አሉና ሳቁ። ሦስቱ ግን ሥር ሰደዱ።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ራሚሮ ቅዳሜ ጠዋት ፒክ አፑን ከአፓርታማችን ፊት ፓርክ አደረገና ክላክስ ነፋ። የበላይ አለቃው በጎ ፈቃደኞች መዝግብ ብሎታል፤ ሶ፣ ሃምሳ አለቃን ወስዶ ሌላ ፓርክ ሊያሳያቸው ፈልጓል። እኔም ለማስተርጎም ተከተልኳቸው። እዚያ አንድ ትልቅ ኦክ ዛፍ ቅርንጫፉን አውርዶ የመንገድ መብራቱን ዓምድ ከነአምፖሉ ውጦታል። ሃምሳ አለቃ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ላይ አዩ።

«ይህን መብራት ማን ነው እንዲህ ያፈነው?» አሉ።

ራሚሮ ሳልተረጉምለት ገባው፤ መሰላሉን ለማውረድ ወደ መኪናው ሄደ።