የሰይድን ዕውቀት የት እንጻፈው?

ጦርነቱ ከሐይቅ ከተማ ከወጣ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ በልግ ነው። ዛሬም ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ሳይ ያ ቀን ይመጣብኛል።

የውሃ ፓምፕ የምንጠግን ትንሽ ድርጅት አለን፤ ሥራ አስኪያጇ እኔ ነኝ። ከስደት ስንመለስ የብረት መቅረጫው ቶርኖም፣ ጀነሬተሩም፣ የብየዳ ማሽኑም ተወስዶ ባዶ ቤት ጠበቀን። ማሽን አምጥቶ ሊሻረከን ያሰበ አንድ የአዲስ አበባ ኩባንያ፣ «ንብረታችሁስ አልቋል፤ የቀራችሁን ዕውቀት እንለካና እንወስናለን» ብሎ ገምጋሚ ላከ። ሌላ ተስፋ አልነበረንም።

ገምጋሚው ጨዋ ወጣት ነው። መጀመሪያ አንጋፋውን ሠራተኛችንን አያ ይማምን ጠየቀ።

«ምን ምን ሥራ ያውቃሉ?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ! የሚያውቅስ አላህ ነው።»

በያጇ ዘውዲቱ ተከተለች። «ምኑን አውቄው ብለህ ነው፤ እንዲያው እነካካለሁ» አለች። ሦስተኛውም እንደዚያው። በእኛ አገር ራስን ማሞገስ ነውር ነው። ገምጋሚው ግን ያሉትን እያመነ ይጽፋል! ዓይኔ እያየ ድርጅታችን ምንም እንደማያውቅ ሪፖርት ሊደረግ ነው። ልጮህባቸው ምንም አልቀረኝም።

«ወንድሜ፣ እንዲህ አይደለም የሚጠየቁት» አልኩት ድንገት። «እሳቸውን ስለ እሷ፣ እሷን ስለ እሳቸው ጠይቅ።»

ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! «እሷ የበየደችው ፓምፕ ጠብታ አያሳልፍም፣ ወላሂ!» አሉ አያ ይማም። እሷም ቀጠለች፦ «እሳቸው እኮ ሞተሩን ሳይፈቱ፣ ድምፁን ሰምተው ነው ሕመሙን የሚነግሩህ።» ልቤ መለስ አለ።

ወዲያው ሁሉም ስለ አንድ ሰው ማውራት ጀመሩ። ስለ ቶርኖ ሠራተኛችን ስለ ሰይድ። የትም የማይገኝ መለዋወጫ ከውዳቂ ብረት ያወጣል፤ የአምባሰል ገበሬ ፓምፑን ተሸክሞ የሚመጣው እሱን ብሎ ነው። ገምጋሚው ፊቱ በራ።

«እስቲ እሱን ጥሩልኝ!»

ሁላችንም ቶርኖው ወደ ነበረበት ባዶ ቦታ ዞር አልን። ሰይድ እኛ ስንሰደድ «ቶርኖውን ጥዬ አልሄድም» ብሎ ቀረ። ስንመለስ አላገኘነውም። ይሙት ይኑር እስከ ዛሬ አናውቅም።

ይህንኑ ስነግረው ገምጋሚው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ታዲያ የእሱን ዕውቀት የት ልጻፈው?» አለ ቀስ ብሎ።

«ያስተማረን እሱ ነው» አለች ዘውዲቱ። «እኛ ላይ ጻፈው።»

«ስሙን ግን ከሠራተኞቹ ዝርዝር እንዳትሰርዝ፣ ልጄ» አሉ አያ ይማም። «ኢንሻአላህ ይመጣል።»

ሽርክናው ተሳካ፤ አዲስ ቶርኖም ገባ። እኔ ግን ሪፖርት ባዘጋጀሁ ቁጥር የሰይድ ስም ጋ ስደርስ እቆማለሁ። መሰረዙን አልደፍርም። የግቢው ቆርቆሮ በር ሲንኳኳም፣ እሱ ይሆን ብዬ ቀና እላለሁ።