ለጅቦቹ የወሰድኩት አጥንት

አያቴ አባ ሙሜ፣ ታናሽ አጎቴ ዩሱፍ፣ ውሻችን ጉራቻና እኔ ቢዮ አዋሌ የሚባል ገጠር አብረን እንኖር ነበር። ዛሬም መጋላ ገበያ ውስጥ የጫት ተባይ መርጫ መድኃኒት ሲሸተኝ ሁሉም ፊቴ ድቅን ይላሉ።

ቤታችን ፍየል ሲታረድ አጥንቱን ለጅቦች ወደ ወንዙ አሸዋ የምወስደው እኔ ነበርኩ። አያቴ፣ “ያበላኸውን አትክዳው፤ እሱም በረታችንን አይደፍርም” ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን አጎቴ ሳያስገባት ውጭ ያደረችውን ፍየሉን ጅብ በላት። በሳምንቱ አጥንት የሞላ ጆንያ አሸከመኝ።

“አንተ የጅብ አማች፣ ዘመዶችህ እየጠበቁህ ነው” ብሎ ሳቀ።

ጆንያው መድኃኒት መድኃኒት ይሸት ነበር። ሸተተኝ፤ ግን አልጠየቅሁም። ልጅነት ምክንያት አይሆነኝም፤ አፍንጫ ነበረኝ።

ጠዋት አራት ጅቦች አሸዋው ላይ ሞተው አገኘናቸው። ከአጥንቱ የቀመሰው ጉራቻም አጠገባቸው ተዘርሯል።

አያቴ፣ “ማን ነው ያበላቸው?” አሉ።

“እኔ ነኝ” አልኩና አጎቴን አየሁት።

እሱም፣ “አባባ፣ ልጅ ነው፤ ይቅር በሉት” አለ።

ከዚያ ወዲያ አያቴ እስኪሞቱ ድረስ አጥንቱን ራሳቸው ተሸከሙ። አራት ጅብ፣ አንድ ውሻና የአያቴ እምነት፤ አጎቴ ለአንዲት ፍየል ያስከፈለን ይህን ነው።