የቀኝ መስመሩ ሰው

«ሰው በሰው ተለወጠ ነው የምትለኝ? ፍየል ነው እንዴ?»

አምበላችን ነው። አሰልጣኙ አፍንጫ ስር ቆሞ ይጮሃል። እኛ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተደርድረን፣ ታኬታችንን ግማሽ አስረን ግማሽ ሳናስር ቀርተናል። መልበሻ ክፍላችን የምንጫወትለት ቢሮ እቃ ቤት ነበር፤ ወጥተን እንዳንሄድ አሰልጣኙ የብረት በሩን በጀርባው ደግፎታል።

«በሁለት ሰው ነው» አለ። «አንድ ሰጥቼ በረኛና ተከላካይ አመጣሁ። አራት እያገባን አምስት የሚገባብን እስከ መቼ ነው?»

«መምህር፣ እሱ ወንድሜ ነው!»

«ለዚህ ነው ላንተ መንገር የከበደኝ።»

«ወላሂ፣ እኔ ገበያ ነው የሰማሁት! ቲማቲም የሚሸጥ ሴትዮ ነገረኝ!»

አንዱ በአማርኛው ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ የሳለ መሰለ። አሰልጣኙ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ራሱ እሺ ብሏል። አዲስ ታኬታ ሰጥተውታል፣ ወዶ ነው የሄደው። ቤት ስትገባ ጠይቀው።»

አምበሉ ወደ ኋላ ሄዶ ከረጢት ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰው እንደዚያ ሲደነግጥ አላየሁም። እሱና የተለወጠው ታናሹ ከኩርሙክ በኩል አብረው የመጡ ወንድማማቾች ናቸው። አሶሳ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው በአንድ ቁልፍ ይኖራሉ። ያን ጠዋትም ሻይ አብረው ጠጥተዋል።

ክልሉ ያኔ አዲስ ነበር። የመንግሥት ቢሮዎቹ ወንበር ሳይሟላላቸው የኳስ ቡድን ነበራቸው። የኛ ቡድን ማለት ደግሞ ያ ልጅ ነበር። ኳስ ያገኘ ሁሉ ቀና ብሎ ሳያይ ወደ ቀኝ መስመር ይለጋል፤ ልጁ ከየትም ብሎ ይደርስበታል። የቀረነው እጃችንን ወገባችን ላይ አድርገን እናያለን። እኔ እንኳ ተቀያሪ ነበርኩ። ከሜዳ ውጭ ተቀምጬ ግጥም እገጥምለታለሁ፤ ደጋፊው ያዜመዋል፦

በቀኝ በኩል ነፋስ አለ
እግር አውጥቶ የዘለለ።

እሱ ከሄደ በኋላ በመጀመሪያው እሁድ የእሱን ሰባት ቁጥር ማልያ ለኔ ሰጡኝ። እስከ ጉልበቴ ደረሰ። ጨዋታው እንደተጀመረ የመሀል ተጫዋቻችን ኳሷን እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ለጋት። ሮጥኩ። ኳሷ ግን የተለጋችው ለኔ አልነበረም፤ በእሱ ፍጥነት ልክ ነበር። ከፊቴ አምልጣ፣ መስመሩን አልፋ፣ ከሜዳው ዳር ያሉት ማንጎዎች ስር ገባች። ይዤ ተመለስኩ። ደግመው ለጉ። ደግማ ማንጎዎቹ ስር ገባች። አሰልጣኙ «እግሩ ላይ! እግሩ ላይ ስጡት!» እያለ ይጮሃል፤ እነሱም አዎ እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ቀጥለውም ያንኑ ያደርጋሉ። ሰው በሌለበት ቦታ ለሰው ሲያቀብሉ ዋሉ። የሚያቀብለው የለመደ እግራቸው እንጂ ዓይናቸው አልነበረም።

«አንተ የኛ ልጅ!» አሉኝ ከወሎ ከወላጆቼ ጋር በሰፈራ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ከጥላው ስር። «ማንጎ ልትለቅም ነው እንዴ የገባኸው?»

ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ስንት እንደገባብን ባልናገር ይሻላል።

 አምበሉ በዚያ ሳምንት ልምምድ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣ ነበር። አሰልጣኙ ሜዳውን በቀርከሃ ችካል አጠበበው፤ ከችካሉ የወጣ ኳስ ሁሉ ሁላችንንም ያስሮጠን ጀመር። ከባምባሲ የመጣው አዲሱ በረኛ ደግሞ «ዳፊ! ዳፊ!» እያለ በኦሮምኛ ያጣድፈናል፤ ሳናውቀው እኛም እርስ በርሳችን «ዳፊ» መባባል ጀመርን። ቀስ በቀስ ቀና ማለት ለመድን። ሁለት ዓመት በቡድኑ አብሮኝ የኖረው የመሀል ተጫዋች ግሩም ግራ እግር እንዳለው ያኔ ነው ያወቅኩት። ማንም መትቶ እንዲያይ ጠይቆት አያውቅም ነበር።

ከልጁ አዲስ ቡድን ጋር የገጠምነው ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው። ገና ሰውነታችንን ስናሟሙቅ ከወዲያ ማዶ ዘፈን ተነሳ። በቀኝ በኩል ነፋስ አለ። የኔ ግጥም! ቃል ሳይቀይሩ፣ በኛው ዜማ፣ በኛው ላይ።  ግጥም ከእጅ ከወጣ ጌታ እንደሌለው ያን ቀን ገባኝ።

አምበላችን ግራ ተከላካይ ነው፤ ስለዚህ የነሱን ቀኝ መስመር፣ ማለትም ወንድሙን የሚይዘው እሱ ነው። ሁለቱ ሰላም አልተባባሉም። ልጁ ኳስ በነካ ቁጥር ታላቁ ቀድሞት ይገኛል። ከመታጠፉ በፊት ትከሻውን ዝቅ እንደሚያደርግ ያውቃል፤ በጨርቅ ኳስ ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ እያየው ያደገው ትከሻ ነው። ዘፈኑ ከእረፍት በፊት ደከመ፣ ከእረፍት በኋላ ጠፋ። አንድ ለዜሮ አሸነፍን፤ ጎሏን ያ ግራ እግር አገባት። አምበሉን ላቅፈው ስሄድ ፊቱን አየሁና እጄን መለስኩ።

ልጁ ወደ እቃ ቤቱ የመጣው ከዚያ በኋላ በአንዱ የጨዋታ ቀን ነው። ለብሰን ወደ ሜዳ ልንወጣ ስንል በሩን ገፍቶ ገባ። አዲሱ ታኬታ በክሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጭቃ አልነካውም። ከኛ ጋር ከተጫወተ ወዲህ አላሰለፉትም ማለት ነው። ማናችንንም ሳያይ ለወንድሙ በበርታ ቋንቋ ረጅም ነገር ተናገረ። እኔ ከሰፈር ልጆች የለመድኳት ትንሽ ቋንቋ አለችኝ፤ ዋናውን ለመረዳት በቃችኝ። እዚያ ማንም ኳስ አይሰጠኝም፤ መልሱኝ፤ ለመምህር አንተ ንገረው ይላል።

አሰልጣኙ የድምፁን ቃና ብቻ ሰምቶ ገብቶታል። «እነሱን እኔ እጠይቃቸዋለሁ፣ ይለቁታል» አለ ለአምበሉ። «አንተ ወስን።»

አምበሉ የሚመልሰውን ሁላችንም የምናውቅ መስሎን ነበር። ለዚህ ልጅ ሲል እዚሁ ክፍል ውስጥ ሊደባደብ የደረሰ ሰው ነው። ነገሩ እንዳይረዝም ብዬ ሰባት ቁጥሩን ማልያ ማውለቅ ጀመርኩ። ጭንቅላቴ ውስጡ እያለ ድምፁን ሰማሁ።

«አታውልቅ። ልበስ።»

አንገቴን አወጣሁ። አምበሉ ወንድሙን እያየ ነው። ወንድሙ በቤታቸው ቋንቋ ለምኖት እሱ የመለሰው በአማርኛ ነው፤ ሁላችንም እንድንሰማ።

«አንተ ከመጣህ እኛ እንቆማለን» አለው። «እንደ ድሮ ቆመን እናይሃለን። አሁን ግን ሁሉም ሰው እየሮጠ ነው። ኸላስ፣ በቃ። አይሆንም።»

«ወንድምህ ነኝ» አለ ልጁ፣ እሱም በአማርኛ።

«ወንድሜ ነህ።»

 በረኛው የታሰረ ክሩን ፈትቶ እንደገና ማሰር ያዘ። አምበሉ አጎነበሰ፤ አንድ ታኬታውን አወለቀና ከውስጡ የቤታቸውን ቁልፍ አወጣ። ሲጫወት እዚያ ነው የሚደብቀው። ማልያው ላይ ጠርጎ ዘረጋለት።

«የትናንት ገንፎ አለ» አለው። «ብላ። አትጠብቀኝ።»

ልጁ ቁልፉን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ተቀበለና ወጣ። የብረት በሩ ከኋላው የሲሚንቶ ወለሉን እየፋቀ ተዘጋ።