ዘይቱ የነገረኝን አለዝቤ የጻፍኩበት ሪፖርት

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት፣ አቃቂ ቃሊቲ ባለው የትራንስፎርመር ዘይት መመርመሪያ ላቦራቶሪ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያ ቀን ኃላፊዬ አቶ ተካልኝ የብርጭቆ ሲሪንጅ አስይዘው ትራንስፎርመር ሥር አቆሙኝ። «መጀመሪያ ቧንቧው ውስጥ የቆየው ዘይት ይፍሰስ። ከዚያ ቀስ ብለሽ ቅጂ። አየር ከገባበት ውጤቱ አይታመንም» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አስደፍተው አስደገሙኝ።

ትራንስፎርመር ውስጡ ሲታመም ከውጭ አያስታውቅም። ዘይቱ ግን ከመጠን በላይ ሲግል ወይም ብልጭታ ሲነካው ጋዝ ይፈጥራል፤ ጋዙም እዚያው ሟሙቶ ይቆያል። የእኛ ሥራ ያንን በማሽን ለይቶ መለካት ነው። ኤትሊን የሚባለው ጋዝ ከበዛ የጋለ ቦታ አለ። አሴቲሊን ከታየ ውስጡ ብልጭታ አለ፤ እሱ ነው የሚያስፈራው።

በአራተኛ ዓመቴ ከአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ በቀዳሁት ናሙና አሴቲሊን አገኘሁ። ራሴን ጠርጥሬ ተመልሼ ቀዳሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ጨምሯል።

ውጤቱን ስነግራቸው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ተቆጡ። «ድምፁ ደህና፣ ሙቀቱ ደህና! ካቆምኩ ፕላስቲኩ ማሽኖቹ ውስጥ ይደርቃል። በአንድ ሲሪንጅ ዘይት ፋብሪካ ልዝጋ?»

የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ጋሽ ሰይድ በሩ ጋ ቆመው ነበር። «የኔ ልጅ፣ ቁርጡን ንገሪን። ይቁም ነው የምትይው?»

ሥራ አስኪያጁን አየሁና «መከታተል ያስፈልጋል» አልኩ። ሪፖርቱም ላይ «የቅርብ ክትትል ቢደረግ ይመረጣል» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ተካልኝ መስክ ስለነበሩ ሳያዩት ወጣ።

በሳምንቱ ትራንስፎርመሩ ፈነዳ። ጋሽ ሰይድ አጠገቡ ቆመው የሙቀት መለኪያውን እያነበቡ ነበር።

ሆስፒታል ስደርስ ሁለቱም እጆቻቸው በፋሻ ተጠቅልለዋል። ይቅርታ ልጠይቅ ስል ቀደሙኝ። «ይቁም ብትይ ኖሮ ሥራ አስኪያጁን ሳልሰማ አጠፋው ነበር። ለዚያ ነው የጠየቅሁሽ።» አልተቆጡም። መቆጣት ይሻለኝ ነበር።

አቶ ተካልኝ ሪፖርቱን አነበቡት። «ማሽኑ አልተሳሳተም። አንቺም ልኬቱን አልተሳሳትሽም። ይቺን መስመር ግን የጻፍሽው ለሥራ አስኪያጁ ነው» አሉኝ።

ጋሽ ሰይድ ዳኑ፤ ቀኝ እጃቸው ግን ካቻቢቴ መጨበጥ ስላልቻለ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። እኔ ከዚያ ወዲህ አሴቲሊን ሲጨምር ባየሁ ቁጥር የመጀመሪያው መስመር ላይ «ይቁም» ብዬ እጽፋለሁ። አንዴ በእኔ ሪፖርት የቆመ ትራንስፎርመር ተከፍቶ ይህ ነው የሚባል ጉዳት ሳይገኝ ቀርቶ፣ ሰው ፊት ተሰድቤያለሁ።

ሪፖርት የሚጻፈው ትራንስፎርመሩ አጠገብ ለሚቆመው ሰው ነው።