የተጠባባቂው ጭቃ

ሄንድሪካ የአንድ የሆላንድ ክለብ ልብስ አጣቢ ናት፤ ተጫዋቾቹን ከፊታቸው ይልቅ በቁምጣቸው ታውቃቸዋለች። ሻርፑን እስከ አፍንጫው የሚጠቀልለው ፈረንሳዊ አጥቂ ከመጣ ሰባት ሳምንቱ ነው። ከተጠባባቂ ወንበር ስለማይነሳ ቁምጣው እንደታጠበ ይመለስላት ነበር። ዛሬ ግን ጭቃ በጭቃ አድርጎ ራሱ ይዞላት መጣ።

«አንተ! ሳትገባ ማን ጣለህ?»

«ማንም፤ ከጎሉ ጀርባ ራሴ ተንከባልዬ ነው፣ እማማ» አለ እየተሽኮረመመ። «ለእናቴ ፎቶ እልክላታለሁ። ንጹሕ ሆኜ ካየችኝ ‹ዛሬም አላሰለፉህም?› ብላ ታለቅሳለች።»

ሄንድሪካ ሳቋን ሳትጨርስ ቁምጣውን ከማጠቢያው መልሳ አወጣችው።

«እንካ፣ ሳይታጠብ አስቀምጠው። የመጪው ቅዳሜ ሜዳ ሰው ሠራሽ ሣር ነው፤ ጭቃ ከየት ታመጣለህ?»