የክሌም ሚስት የቀበረችው ሥር

«ሚስስ ፕሮበርት፣ ሚስተር ላስኮም ዛሬ ጠዋት አርፈዋል» አላት ፖስተኛው፣ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ።

ዊኒ ፕሮበርት መኮትኮቻዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «አመለጠኝ በለኛ» አለች። ፖስተኛው ሐዘን መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ።

ባሏ ክሌም የላስኮም ርስት አትክልተኛ ነበር። በጫካው መንገድ ዳር የላስኮም አያት የተከለው ግዙፍ ዛፍ ቆሞ ውስጡ በስብሶ ነበር። ክሌም ይቆረጥ ብሎ ደጋግሞ ቢናገር፣ ላስኮም ጎብኚዎች የሚወዱት ዛፍ ስለሆነ ርስቱ ለጎብኚዎች የሚከፈትበት ቀን ይለፍ አለው። ቀኑ ሳይደርስ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ክሌምን ገደለው። ላስኮም ስለ አሟሟቱ በተሰየመው ችሎት ፊት ማንም እንዳላስጠነቀቀው ተናገረ። ለቀብሩ የላከው የአበባ ጉንጉንም ክሌም በእጁ ካሳደጋቸው ነጭ አበቦች የተሠራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየበጋው፣ ርስቱ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ለማሰባሰብ ለሕዝብ በሚከፈትበት እሑድ፣ ዊኒ የቤተ ክርስቲያን ኮፍያዋን አድርጋ እንደማንኛውም ጎብኚ ትኬት ቆርጣ ትገባለች። ኪሷ ውስጥ በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ የአረም ሥር አለ። ክሌም ዕድሜውን ሙሉ ሲነቅለው የኖረ አረም ነው፤ ቁራጭ ሥር ከቀረችው መደቡን ሁሉ ይወርሳል። ሌሎቹ ሴቶች ጽጌረዳ ሲያሸቱ እሷ ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ ትልና ላስኮም አብልጦ በሚወደው መደብ ውስጥ ትቀብረዋለች። ጎረቤቶቿ የዚያን ሰው ግቢ እንዴት ደፍራ እንደምትረግጥ ሲጠይቋት፣ አበባ እወዳለሁ ትላቸዋለች።

ባለፈው በጋ ላስኮም ከዘራውን ተደግፎ አጠገቧ ቆመ። የሱሪው ጉልበት ጭቃ ነበር።

«አረሙ ዘንድሮ በርትቷል፣ ሚስስ ፕሮበርት» አላት በቀስታ። «አትክልተኞቹ ይህን መደብ እንዳይነኩ ከልክያለሁ። የምነቅለው እኔው ነኝ።»

ዊኒ ቀሪውን ጠበቀች። ክሌም ነግሮኝ ነበር ቢላት ይበቃት ነበር።

«ለጎብኚዎች የቀረበው ኬክ ሳያልቅብዎ ሻይ ቢጠጡ ይሻላል» አለና ሄደ።

ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ተንገበገበች። ለካ ሰውዬው አረሟን መንቀሉን እንደ ንስሐ ቆጥሮት ኖሯል። ልታሳርረው ብላ እፎይ የሚልበትን ሥራ ሰጥታዋለች።

ፖስተኛው ከሄደ በኋላ ለመጪው እሑድ በባልዲ ያዘጋጀችውን ሥር አየች። ላስኮም ሲቀበር መቃብሩ ላይ ብትቀብረው ብላ አሰበች። ግን የላስኮም ቤተሰብ መቃብር ከክሌም መቃብር አጠገብ ነው፤ አረሙ ደግሞ ወሰን አያውቅም። ሥሩን ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

በችሎቱ መዝገብ ዛሬም ክሌም እንዳላስጠነቀቀ ነው የተጻፈው። ያንን ያስተካከለ የለም።